ዘፈኑን የተሸከመው ሰው፦ ስለ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታርና ስለ ሂሳችን ጉድለት

በግለ ሂስ ልጀምር። ባለፈው እትም በዚህችው መጽሔታችን ላይ ስለ ማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ» አንድ ገጽ ተኩል ጽፌ ነበር። ያልኩትም ባጭሩ ይኸ ነው፦ ግጥሙ አንድ ሐሳብ ይዞ ይሽከረከራል፣ ወደ ፊት አይራመድም፣ የዘፋኙ ድምፅ ባይደግፈው ኖሮ በሥነ ጽሑፍ ሚዛን ይቀልላል። አንዳንዶቻችሁ «ጎሽ፣ ጥሩ ብለሃል» አላችሁኝ። ሁለት ልጆች ደግሞ ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ አግኝተውኝ «አንተ ዘፈን መስማት አትችልም» ብለውኝ አለፉ። ያን ዕለት ተናድጄ ራቴንም በቅጡ አልበላሁ። ዛሬ ግን እውነታቸውን ነበር እላለሁ።

የነቃሁት ለዕረፍት ደባርቅ ሄጄ ነው። አጎቴ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነው። ሱቁ ሁለት ሰው ቆሞ የማይተላለፍባት፣ ግድግዳዋ በአሮጌ ካሴት የተሞላ ጠባብ ክፍል ናት። ጽሑፌን ይዤለት ሄድኩ፤ እንዲኮራብኝ ፈልጌ። መነጽሩን አደረገና ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ፣

«አንተ ልጅ፣ ይኸን ዘፈን በምን ሰማኸው?» አለኝ።

«በስልክ ነዋ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያማ አልሰማኸውም።»

ተነሥቶ ትልልቅ የእንጨት ስፒከር ያለውን ቴፕ ከፈተ። ካሴቱን ከተተና መዳፌን ይዞ ከስፒከሩ ሣጥን ላይ ጫነው። «አሁን ማሕሙድን ለጊዜው ተወው። በእጅህ ስማ» አለኝ።

ጓደኞቼ፣ እጄ ከጆሮዬ ቀድሞ ሰማ። ከዘፋኙ ድምፅ ሥር አጭር ሐረግ ይዞ የሚመላለስ፣ ሄዶ የሚመለስ፣ ተመልሶ ደግሞ የሚሄድ አንድ ወፍራም ድምፅ አለ። እኔ ይኸን ድምፅ ጨርሶ አላውቀውም ነበር። «ይኸ ደግሞ ማነው?» ብል፣ አጎቴ የጎረቤት ስም እንደሚጠራ ሰው «ጆቫኒ ነዋ!» አለኝ።

ስለዚህ ሰው ነው ልጽፍ የተነሣሁት። ዓመቶቹን ሁሉ የማስቀምጠው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጆቫኒ ሪኮ የአይቤክስ ባንድ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። «እረ መላ መላ» በ1975 በካይፋ ሪከርድስ ሲወጣ ማሕሙድን ያጀበው አይቤክስ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1976፣ ይኸው ቡድን ዘፋኝ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የሚደመጥ ሙዚቃ በራስ ሆቴል ቀረጸ። ከጆቫኒ ጎን ሊድ ጊታር የሚጫወተው ሰላም ስዩም ነበር። ሰላምን በተለይ እኛ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ልናስታውሰው ይገባል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሮ የመመረቂያ ጽሑፉን ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን አመጣጥና ዕድገት የጻፈ ሰው ነውና። እኛ ስለ ዘፈን ስንጽፍ ከጊታር እንሸሻለን። እሱ ግን ጊታሩን ይዞ ነበር ወደ ታሪኩ የገባው።

በኋላ አይቤክስ ሮሃ ሆነ። ዘመኑ የሸክላ ዘመን አልፎ የካሴት ዘመን የገባበት ነበር። አገሩ በደርግ ሥር ነው፣ ሌሊቱ በሰዓት እላፊ የተዘጋ ነው፣ ዘፈን ግን በካሴት ከከተማ ከተማ ይሄዳል። ማሕሙድ አሕመድን፣ አስቴር አወቀን፣ ነዋይ ደበበን የመሳሰሉ ዘፋኞች በየፊናቸው ካሴት ሲያወጡ ከኋላቸው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሮሃ ነበር። ቡድኑ የሠራቸው ካሴቶች ከ200 በላይ እንደሆኑ ይነገራል። እስቲ አስቡት። ወላጆቻችን የተጋቡበት፣ ጎንደር መኪና ተራ የሚጮኸው፣ በዳባት መንገድ አውቶቡስ ውስጥ የሚንቆረቆረው ዘፈን ብዙው በአንድ ሰው ጣት ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። በ1986 ደግሞ ክራምድ ዲስክስ የተባለ የብራስልስ አሳታሚ የማሕሙድን «እረ መላ መላ» ለአውሮፓ አደመጠ፤ በ1999 ፓሪስ ላይ «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሰባተኛ ሆኖ ወጣ። ፈረንጁ አማርኛውን አይሰማም። ታዲያ ምኑን ነው የወደደው? ድምፁን ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ልክ ነው። ዳሩ ግን ድምፁን ያቆመው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል፤ ያለሱ ሂሴ ባዶ ወሬ ይሆናል። ቤዝ ጊታር አራት ክር አለው። ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት በገበያ ያስለመደው ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ ነው፣ በ1951። ድምፁ ከተራው ጊታር አንድ ኦክታቭ ይወርዳል። ወፍራሙ ክር ክፍቱን ሲመታ በሴኮንድ ወደ 41 ጊዜ ብቻ ይርገበገባል። ይኸን የመሰለ ዝግተኛ እንቅስቃሴ ለመሰማት ብዙ አየር መግፋት አለበት። የስልክ ስፒከር ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ አየሩን ከየት አምጥታ ትግፋው? ስለዚህ በስልክ ስናዳምጥ ቃሉ ይመጣል፣ ሳክስፎኑ ይመጣል፣ ቤዙ ግን ከነጭራሹ ይቀራል ወይም ጥላው ብቻ ይቀራል። እኔ የተቸሁት ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ነበር፤ ከዚያም «ይኸ ዛፍ ለምን ይንገዳገዳል?» ብዬ ጠየቅሁ። ወይ ድፍረት!

አሁን ወደ ግጥሙ ልመለስ። ሐሳቡ ይሽከረከራል ብዬ ነበር። አዎን፣ ይሽከረከራል። ነገር ግን «መላ» የሚል ሰው ምን እያደረገ ነው? እየለመነ ነው። ልመና ደግሞ አንዴ ተነግሮ አያበቃም። የሚለምን ሰው ቃሉን አይለውጥም፤ የሚለወጠው የጠበቀበት ጊዜ ርዝመት ነው። ይኸን ርዝመት በወረቀት ላይ ባለው ግጥም ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። የሚገኘው በቤዙ ነው። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ያለቅሳል፣ ይለማመጣል። ቤዙ ግን ያንኑ መንገዱን ይዞ ይመለሳል። የዘፋኙ ድምፅ በተለወጠ ቁጥር የቤዙ አለመለወጥ ይከብዳል፤ መላ እንዳልተገኘ የሚነግረን ይኸ አለመለወጥ ነው። ስለዚህ ድግግሞሹ የግጥሙ ድክመት አይደለም፣ ትርጉሙ ነው። ባለፈው እትም የጻፍኩትን በዚህ ሽሬዋለሁ።

ሌላም ነገር አለ። ቅኝቶቻችን፣ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ፣ በአምስት አምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። አዝማሪው በማሲንቆ ሲዘፍን ዜማው አንድ መስመር ነው፤ ማሲንቆው ድምፁን እየተከተለ ያስጌጠዋል። ቤዝ ሲመጣ ግን ከዜማው ሥር ሁለተኛ መስመር ይዘረጋል። ከአምስቱ ድምፆች የትኛውን ከሥር እንደሚያቆም የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው። ያው ቃል ከሥሩ ቤዙ ቤቱ ገብቶ ሲያርፍ መልስ ይመስላል፤ ቤዙ ሳያርፍ ሲቀር ጥያቄ ይሆናል። እኛ በግጥም ትምህርታችን ስለ ቤት መምቻና ስለ ሐረግ ምጣኔ ስንት ሰዓት እንከራከራለን! ዘፈን ሲሆን ግን የሐረጉን ማረፊያ ከገጣሚው ጋር አብሮ የሚወስነው ቤዝ መቺው መሆኑን ረስተናል።

«ይኸማ የፈረንጅ መሣሪያ ነው፣ ከእኛ ሥነ ቃል ጋር ምን አገናኘው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለዚህ መልሴን ያገኘሁት በዚያው ዕረፍት ጃናሞራ ወርጄ፣ ደረስጌ ማርያም ለክብረ በዓል ስሄድ ነው። በሌሊት ነበር የምንጓዘው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ገና አይታይም። በመጀመሪያ ወደ ጆሯችን የደረሰው የካህናቱ ዜማ አልነበረም፣ ጸናጽሉም አልነበረም። ከበሮው ነበር፤ እሱም በሰፊው አፉ በኩል የሚመታው፣ ዱም የሚለው። ስንቀርብ የጠባቡ አፍ ድምፅ ተጨመረ፣ ከዚያ ጸናጽሉ፣ ከዚያ ዜማው፣ በመጨረሻ ቃሉ። ወፍራም ድምፅ ጋራውን ዞሮ ሩቅ ይሄዳል፤ ቀጭኑ በቶሎ ይጠፋል። ከሩቅ የሚመጣውን ሰው የሚጠራው እንግዲህ የታችኛው ድምፅ ነው። ይኸን አያቶቻችን ፌንደር ሳይወለድ ያውቁታል። ጆቫኒ ያመጣው መሣሪያውን ነው እንጂ ቦታውን አይደለም። ቦታውማ ከድሮም ነበረ፤ ከበሮ መቺው ቆሞበት።

ደረስጌን ካነሣሁ አይቀር የቦታውን ታሪክ ልንካው፤ ለነገሬ ይጠቅመኛል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ናቸው። ሊነግሡበት ነው ያሠሩት ይባላል። በየካቲት 1855 ግን ደጃዝማች ካሣ በጦርነት አሸነፏቸውና በዚያው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አንዱ አሰናዳ፣ ሌላው ዘውድ ጫነ። ልጅ ሆኜ ይኸን ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ የማስበው ስለ ቴዎድሮስ ነበር። አሁን ግን አዳራሹን ስላሰናዳው ሰው ማሰብ ጀምሬያለሁ። ቤዝ መቺም ለሌላ ሰው ዘውድ አዳራሽ የሚያሰናዳ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው እንጂ፦ ውቤ ተሸንፈው ነው ያጡት፤ ቤዝ መቺው ግን አውቆ፣ ወዶ፣ በየምሽቱ ይሰጣል። ወዶ የሰጠን ሰው ስም አለመጥራት ደግሞ የባሰ ነውር ነው።

እኛ የስሜን ልጆች ለዚህ ነገር ሌላም ዕዳ አለብን። አይቤክስ ማለት በእንግሊዝኛ የዋልያ ወገን ስም ነው። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ገናና ቡድን ነበር፤ ስሙ ዋልያስ። ዋልያ ደግሞ በዓለም ላይ ከእኛ ከስሜን ተራራ በቀር የትም የለም። ፓርኩ በ1969 በሕግ የታወቀው፣ በ1978 ከዓለም ቅርሶች ጋር የተመዘገበው በዋናነት በሱ ምክንያት ነው። ሁለት የከተማ ባንዶች የኛን እንስሳ ስም ይዘው ሲዞሩ እኛ ልብ አላልንም። ዋልያን ገደል ላይ ስናይ የምናደንቀው ቀንዱን ነው፤ ፎቶም የሚነሣው ቀንዱ ነው። ገደሉ ላይ ያቆመው ግን ሰኮናው ነው።

የዋልያስ ሰኮና መላከ ገብሬ ይባላል። በ1977 የወጣውን «ቸ በለው» የተባለውን የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ሸክላ የሰማ ሰው ቤዙን አይረሳም። በተለይ ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ ቤዙ ከሥር ተደብቆ አይቀመጥም፤ ዜማውን ራሱ ጎትቶ ይሄዳል። ይኸ ሥራ ከአገር ወጥቶ የሌላ አገር ባንዶች ደጋግመው የሚጫወቱት ሆኗል። ዋልያስ በሒልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተ ቡድን ነው። በሰዓት እላፊ ምክንያት ታዳሚው እስኪነጋ ከውስጥ ይቆያል፣ ቡድኑም አብሮ ያነጋል። መሣሪያው የክለብ ባለቤት ሳይሆን የራሳቸው የተጫዋቾቹ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይኸ ብርቅ ነው። በ1981 ወደ አሜሪካ ለትርዒት ሄዱ። ጉዞው ሲያልቅ አራቱ እዚያው ቀሩ፦ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ። የቀሩት ወደ አገር ተመለሱ። ዋሽንግተን የቀሩት ዙላ የሚባል ባንድ አቋቁመው ለስደተኛው ወገናቸው ተጫወቱ። ኃይሉ ታክሲ እየነዳ ኖሮ ከ2013 ጀምሮ የድሮ ሥራዎቹ እንደገና ሲታተሙ ዓለም አወቀው፣ መድረክም ተመለሰ። ደስ ይላል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ጽሑፍና ወሬ ውስጥ የቤዝ መቺው ስም ስንት ጊዜ ተጠራ? ከተጫዋቾች ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር ነው።

እንግዲህ አንዱ ቤዝ መቺ ከአገር ወጣ፣ ሌላው የአገሩን ካሴት ሁሉ ተሸክሞ ቀረ። ሁለቱም ዘንድ ውጤቱ አንድ ነው፤ ድምፁ ቤታችን ገባ፣ ስሙ ደጅ ቀረ። የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጄምስ ጀመርሰን የተባለው የሞታውን ቤዝ መቺ የስድሳዎቹን የአሜሪካ ዘፈን በጣቱ ቀርጾ ሳለ ስሙ በዚያ ኩባንያ ትልቅ ሸክላ ላይ የወጣው በ1971፣ በማርቪን ጌይ ሥራ ላይ ነው። እዚያም ቢሆን ዘግይተዋል። ቢሆንም ጻፉት።

አሁን ደግሞ ሂስ ነውና ወቀሳዬን ላቅርብ፤ ጆቫኒን ልሰግድለት አልተነሣሁም። የአይቤክስን የ1975 እና የ1976 ሥራ ከሰማሁ በኋላ አጎቴ ካሉት የሮሃ ካሴቶች ብዙዎቹን በተከታታይ ሰማሁ። በመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ቤዙ ይጠይቃል፣ ከዘፋኙ ጋር ይከራከራል፣ አንዳንዴም ዝም ብሎ ያስጠብቃል። በኋለኞቹ ካሴቶች ብዙ ቦታ ላይ የታወቀ መንገድ ይዞ ይሄዳል። ጥንቃቄ አለ፣ ጥራት አለ፣ ድንገተኛ ነገር ግን ያንሳል። የአንዱ ዘፋኝ ካሴት ከሌላው ጋር በወገቡ ይመሳሰላል። ይኸ የአንድ ሰው ጥፋት ነው ለማለት ይከብደኛል። አንድ ቡድን ለአገሩ ዘፋኝ ሁሉ ወገብ ሁን ሲባል፣ ካሴት በካሴት ላይ ሲደረብ፣ ለአዲስ ሐሳብ ጊዜ ከየት ይመጣል? ቢሆንም ጆሮዬ የሰማውን እናገራለሁ፤ ብዛት ሥራውን ጎድቶታል።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ደግሞ ይብሳል። ኪቦርድ መጣ፤ አንድ ሰው በቀኝ እጁ ዜማ፣ በግራ እጁ ቤዝ፣ ድራሙን ደግሞ ማሽኑ። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው። ግራ እጅ ግን ከቀኝ እጅ ጋር አይከራከርም፤ የአንድ ሰው ነውና። የጆቫኒን የጥንት ሥራ ትልቅ ያደረገው ከዘፋኙ ሌላ ሰው መሆኑ ነው። በዘፈኑ ውስጥ ሁለት ሐሳብ ነበር። ዛሬ በብዙ ዘፈናችን ውስጥ ያለው አንድ ሐሳብና የሱ ጥላ ነው። ግጥማችን ሳስቷል እያልን የምናማርረው ምናልባት ከግጥሙ ብቻ አይደለም፤ ተከራካሪ አጥቶ ይሆናል።

ይኸን ሁሉ ለአጎቴ ስነግረው ዝም ብሎ አዳመጠኝና ከመሳቢያው አንድ ፎቶግራፍ አወጣ። በደርግ ዘመን በአንድ የኪነት ቡድን ውስጥ እንደነበረ አውቃለሁ፤ «መሣሪያ እይዝ ነበር» ብቻ ነበር የሚለን። በፎቶው መሐል ዘፋኟ ማይክሮፎን ይዛ ቆማለች፣ ከጎኗ ሁለት ተወዛዋዦች አሉ። ከዳር በኩል፣ ወረቀቱ በሚያልቅበት ላይ፣ ግማሽ ትከሻና ረዥም የጊታር አንገት ይታያል። በአንገቱ ራስ ላይ ያሉትን ማጥበቂያዎች ቆጠርኳቸው፤ አራት ናቸው።

«ይኸ አንተ ነህ፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኛ። ፎቶ አንሺው ሰፋ አድርግ ብለው እምቢ አለ» አለና ሳቀ።

ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ቤዝ መቺ መሆኑን አላውቅም ነበር። ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለመጽሔታችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ስለ ዘፈን የሚጽፍ ሰው ዘፈኑን ደኅና ስፒከር ባለው ነገር ሳይሰማ እንዳይጽፍ። ማኅበሩ አንድ አሮጌ ቴፕ ሊገዛ ይችላል፤ አጎቴ በነጻ ይጠግንልናል። ሁለተኛ፣ የዘፋኙንና የገጣሚውን ስም ስንጽፍ የተጫዋቾቹንም እንጻፍ፤ ከቤዝ መቺው እንጀምር። «ቦታ የለም» የሚለኝ ካለ የኔን ጽሑፍ ያሳጥር። እግረ መንገዴንም ልጠይቅ፦ ይችን መጽሔት ሌሊት ቁጭ ብሎ በስቴንስል የሚጽፍልን፣ ማባዣውን እያዞረ እጁ ቀለም የሚሆነው ልጅ ስሙ ከገጾቻችን በየትኛው ላይ ነው ያለው?

ሂሳችሁን እጠብቃለሁ። በተለይ የእነዚያን የምግብ ቤት ሰልፍ ልጆች፤ ያለባቸውን ካሴት ይዘው ይምጡ።